በሁለት አልማዞች መሀል

አባቴ ለዓይናቸው ሕክምና ኦክላንድ የመጡት በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ያን ጊዜ የዶክትሬት ትምህርቴን ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ደክሞኝ ነበር። ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ዓይነት ድካም አልነበረም፤ ጠዋት አብሮኝ የሚነሣ፣ አብሮኝ አውቶቡስ የሚሳፈር፣ ላብራቶሪው በር ላይ እንኳን የማይለየኝ ድካም ነበር። ባለቤቴ ሳን ሆዜ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ስለነበር በጠዋቱ አሮጌዋን መኪናችንን አስነሥቶ ፍሪዌዩን ይዞ ይወርዳል። ኦክላንድ የምንኖረው ለእኔ ትምህርት ቤት ይቅረብ ብሎ ነው። ሥራ ውለን ስንገናኝ "እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ዋልሽ" ተባብለን መልሱን ሳንጠብቅ ሶፋው ላይ እንወድቃለን። ከተጋባን ገና ሦስት ዓመታችን ነበር፤ ላየን ሰው ግን ዕድሜ ልካችንን አብረን የኖርን እንመስል ነበር።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ይከብደኝ ነበር። "ምንድን ነው የምታጠኚው?" ሲሉኝ "ነገር በጣም ሲጨመቅ ምን እንደሚሆን" እላለሁ፤ ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጨዋታ ይሄዳል። ሲያዩት ግን ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ውሃውም፣ ጨውም፣ ድንጋዩም አሁን የምናውቀው መልክ ያላቸው እኛ በምንኖርበት አየር ክብደት ሥር ስላሉ ነው። ያ ግፊት አሥር ሺህ፣ ሃምሳ ሺህ እጥፍ ሲሆን አተሞቹ ይጠጋጋሉ፤ የቆሙበት ቦታ ሲጠብባቸው ሌላ አሰላለፍ ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ቀለም ይለወጣል። ብርሃን ያሳልፍ የነበረው ይጨልማል። ኤሌክትሪክ አላስተላልፍ ያለው እንደ መዳብ ሽቦ ማስተላለፍ ይጀምራል። ከእግራችን በታች፣ በምድር ሆድ ውስጥ፣ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ነው ያለው።

መሣሪያችን በእጅ መዳፍ የሚያዝ ነበር። ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ሁለት አልማዞች ጫፋቸው ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ፊት ለፊት ተገጣጥመው ይቀመጣሉ። በመሀላቸው ስስ የብረት ቁራጭ አለ። በብረቱ ላይ ከመርፌ ዓይን ያነሰ ቀዳዳ በስቼ፣ በቀዳዳው ውስጥ የማጠናውን ነገር እከታለሁ። ከዚያ ብሎኑን በቁልፍ ቀስ አድርጌ አጠብቃለሁ፤ አልማዞቹ ይቀራረባሉ፤ እኔም በማይክሮስኮፕ በአልማዙ ውስጥ አሻግሬ አያለሁ። አልማዝ ከሁሉ የጠነከረ ሆኖ ብርሃንም ስለሚያሳልፍ ነው ለዚህ የተመረጠው።

የእኔ ድርሻ አንድ ብርቱካንማ ጨው ነበር። ሲጨመቅ እየቀላ ይሄድና ድንገት ይጠቁራል። የጠቆረ ጊዜ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም? ይህን ለማወቅ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች አስገብቼ መለካት ነበረብኝ። ሽቦው ይቆረጣል፤ ብረቱ ይቀደዳል፤ ጨው በጎን ይፈስሳል። ያ ሁሉ ቀርቶ ተሳክቶልኝ ሲጠቁር ያየሁት እንደሆነም፣ ብሎኑን ስፈታው ምንም እንዳልሆነ ወደ ብርቱካንማነቱ ይመለሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሳደርግ ከርሜ በእጄ የቀረ ቁጥር አልነበረኝም።

ፕሮፌሰሬ በጦርነቱ ዘመን ከአውሮፓ የተሰደዱ ሽማግሌ ነበሩ። ቁጡ አይደሉም። ብረቱ ሲቀደድ ከኋላዬ መጥተው ይቆሙና "ሌላ ብረት አለን" ብለው ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር።

አባቴ የመጡ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ልቀበላቸው ሄድኩ። ከመተላለፊያው ለሚወጣ ሰው በግራ በኩል ቆሜ ስጠብቅ ሻንጣቸውን ይዘው አጠገቤ ደረሱ፤ ደረሱና አልፈውኝ ሄዱ። እየቀለዱብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ከኋላ "አባባ" ብዬ ስጠራቸው ደንግጠው ዞሩ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው።

ዕድሜያቸውን ሁሉ የመሬት ቀያሽ ነበሩ። ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን ተክለው፣ በአንድ ዓይናቸው እያነጣጠሩ፣ ስንት አውራጃ የለኩ ሰው ናቸው። እቤት ስንደርስ የአፓርትመንታችንን በር በትከሻቸው ገጩት። ራት ላይ በግራቸው ያስቀመጥኩላቸውን ብርጭቆ ሳያዩት በክርናቸው ገፍተው ጣሉት። ባለቤቴ ተነሥቶ ወለሉን ጠረገ፤ አባቴም ስለ መንገዱ ማውራታቸውን አላቋረጡም።

ሐኪሙ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከመረመራቸው በኋላ እኔን አስገባኝ። አባቴ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ሐኪሙ ሲፈጥን ስለሚያመልጣቸው እኔ መሀል ሆኜ አስተረጉም ነበር።

"ዓይንዎ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫው ጠብቦበታል" አልኳቸው። "ስለዚህ ግፊቱ ጨምሯል። ግፊቱ ነርቩን ከኋላ እየጎዳው ነው።"

"ምኑ ነው የጨመረው?"

"ግፊቱ፣ አባባ።"

ፈገግ አሉ። "ግፊትማ የአንቺ ሥራ አይደለም እንዴ? ንገሪው፣ በልጄ እታከማለሁ በይው።"

አልነገርኩትም። ሐኪሙ ቀጥሎ የግራው ዓይን እንደሄደ፣ የቀኙም ከዳር ወደ መሀል እየጠፋ እንደሆነ ተናገረ። የጠፋው አይመለስም። ጠብታ ይሞከራል፤ ግፊቱን ጠብታው ካላወረደው ኦፕራሲዮን ተደርጎ ለፈሳሹ ሌላ መውጫ ይከፈትለታል። ይህንንም ተረጎምኩ። አባቴ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ሰሙ።

አውቶቡስ ላይ ተቀምጠን ስንመለስ በልቤ አሰላሁት። በዓይናቸው ውስጥ ትርፍ ነው የተባለው ግፊት አንድ ባልዲ ውሃ ግርጌው ላይ ከሚያሳርፈው አይበልጥም። እኔ በየቀኑ የማጠብቀው ብሎን ከዚያ በመቶ ሺዎች፣ በሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል፤ ጨውም ተጨምቆ፣ ጠቁሮ፣ ስፈታው ደህና ሆኖ ይመለሳል። የሰው ዓይን ግን በአንድ ባልዲ ውሃ ይጠፋል። ይህን ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ለማንም አልነገርኩም።

ጠብታው አልተስማማቸውም፤ ግፊቱንም በሚገባ አላወረደላቸውም። ራስ ምታት ያመጣል፤ ቀኑን ያደበዝዝባቸዋል። "ጭራሽ አጨለመብኝ" ይላሉ። እኔ እወጣለሁ፣ ባለቤቴ ይወጣል፣ እሳቸው ብቻቸውን አፓርትመንት ውስጥ ይውላሉ። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ጠበቁኝ።

"ዛሬ ሥራሽን ልየው" አሉ።

ከፕሮፌሰሬ ጋር አስተዋወቅኋቸው። ሁለቱም ኮፍያቸውን አነሡ። ፕሮፌሰሬ አባቴ ቀያሽ መሆናቸውን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ለመነጽር ሰው የሚታይ ነገር አለን ብለው ጨውን ትተን ውሃ እንድናሳያቸው አዘዙኝ። አንዲት የውሃ ጠብታ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቼ አልማዞቹን ገጠምኩ። አባቴ ወንበሩን ስበው ቀኝ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ ነው ትከሻቸው ቀና ያለው፤ እጃቸውም ምስሉን የሚያጠራውን መዘውር ሳይፈልግ አገኘው።

"ምን ይታይዎታል?"

"ክብ ነገር። ጥርት ያለ ክብ። ውስጡ ባዶ ነው።"

"ውሃው እሱ ነው። አሁን ብሎኑን አጠብቃለሁ።"

ጎንበስ እንዳሉ መዘውሩን ጥቂት አዞሩ። ከዚያ፣ "ፈሉ" አሉ። "ቅንጣቶች ፈሉ። አደጉ… ማዕዘን አላቸው፣ እንደ ተጠረበ ድንጋይ።"

"በረዶ ነው፣ አባባ።"

"የምን በረዶ? ክፍሉ ይሞቃል እኮ፤ እኔ ኮቴን አውልቄያለሁ።"

"ይሞቃል። በረዶ የሆነው ስለቀዘቀዘ አይደለም፣ ስለተጨመቀ ነው። እኛ የምናውቀው በረዶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይሄኛው ግን ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ሌላ ዓይነት ነው።"

"እስቲ ፍቺው።"

ፈታሁት። ቀልጦ ክቡ ባዶ ሲሆን ነገሩኝ። እንደገና አጠብቄ እንደገና አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ እኔ ያን ሥራ በጀመርኩበት ወራት እንጂ ከዚያ ወዲህ በራሴ ላይ አላየሁትም። ዓይናቸውን አንሥተው፣ "እኔ የማየው አንቺ የምታዪውን ነው?" አሉኝ።

"አንድ ነው።"

"ምንም አልቀረብኝም?"

"ምንም።"

እውነትም ነበር። በሽታው የሚበላው ዳሩን ነው፤ መሀሉን መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ማይክሮስኮፕ ደግሞ ሁሉን ነገር መሀል ላይ ያመጣል።

ፕሮፌሰሬ በእንግዳው መደሰት ተደስተው ነው መሰለኝ፣ "አሁን ደግሞ ሌላውን በረዶ እናሳያቸው፣ ከዚህ የሚበልጥ ግፊት ላይ ያለውን" ብለው ቁልፉን ከእጄ ተቀበሉ። ብሎኑን አጠበቁ። ጨመሩ። ብረቱ መሳሳቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ጣት እንደማንቋቋት ያለች ድምፅ ሰማሁ። አባቴ "ጠፋ" አሉ።

አልማዙ ከጫፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ጥንዱን ለእኔ ሥራ አስተካክሎ ለመግጠም ወራት ፈጅቶብኝ ነበር፤ ተተኪው ታዝዞ፣ ተጠርቦ እስኪመጣ ሌላ ወራት ይፈጃል። ፕሮፌሰሬ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ "እኔ ነኝ ያበዛሁት" ብለው ወጡ። እኔ አልተናደድኩም። የተሰማኝ ማንም ላይ የማይወጣ ነገር ነበር፤ እዚያው ወለሉ ላይ ብተኛ ደስ ባለኝ።

"እኔ ባልመጣ ኖሮ አይሰበርም ነበር" አሉ አባቴ መንገድ ላይ።

"አልማዝ ይሰበራል፣ አባባ። ቀጥ ብሎ ሲገፋ ይችላል፤ ሲጣመምበት ግን ይሰነጠቃል።"

ያን ያህልም አላዘኑም። ሌላ ነገር ይዘዋል። ራት ስንበላ ባለቤቴን፣ "የኔ ዓይን ደህና ነው" አሉት። "ዛሬ ማንም የማያየውን ነገር አየሁ። ኦፕራሲዮን የሚባለው ይቅርብኝ። ቲኬቴን አስተካክሉልኝ፣ ልሂድ።"

"ሐኪሙ ግን ሌላ ነው የሚለው…" ሲል አቋረጡት።

"ሐኪሙ በረዶውን አላየም።"

ባለቤቴ እኔን አየኝ። እኔ ያሳየኋቸው ነገር ነው እንዲህ ያሰኛቸው፤ ልከራከር ግን አቅም አልነበረኝም። "ሰኞ ለሐኪሙ ኮል አደርጋለሁ" ብቻ አልኩ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ወደሚሠራበት አካባቢ በመኪና ይዞን ወረደ፤ አባቴ ከመሄዳቸው በፊት አገሩን ይዩ ብሎ። ሳን ሆዜ ዙሪያ ያን ጊዜ የፕለምና የአፕሪኮት እርሻ ነበር፤ ዛፉ በረድፍ በረድፍ ተተክሎ እስከ ተራራው ግርጌ ይሄዳል። ግማሹ ግን እየተነቀለ ነበር። ፋብሪካና መኖሪያ ሊሠራበት የታሰበው መሬት ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች ተተክለዋል። አባቴ ችካሎቹን ሲያዩ "አቁም" አሉ።

ሁለት ቀያሾች መሣሪያቸውን ተክለው ይሠሩ ነበር። አባቴ በዝግታ እንግሊዝኛቸው ሙያቸው ይኸው እንደነበር ነገሯቸው፤ ሰዎቹም ደግ ነበሩ፣ ገለል ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ጎንበስ ብለው በመነጽሩ አዩ። ሩቅ የቆመውን ባለ ቁጥር ዘንግ ጮክ ብለው አነበቡት። ከሰዎቹ አንዱ ትክክል ነው አላቸው። ቀና ብለው ወደ እኛ ሲዞሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። አንድ እግራቸውን ወደ ግራ አነሡ፤ እዚያ ደግሞ የመስኖ ቦይ አለ።

ጥልቅ ቦይ አልነበረም። ውሃም አልነበረበትም። ግን ሙሉ ሰውነታቸው ነው የወደቀው፤ እጃቸውን እንኳን አልዘረጉም፣ መውደቃቸውን ያወቁት መሬቱ ሲመታቸው ነውና። ባለቤቴና ቀያሾቹ ደግፈው አወጧቸው። ግንባራቸው ተፍቋል፤ ኮፍያቸው ቦዩ ውስጥ ቀርቷል። እኔ ልብሳቸውን ሳራግፍ ወደ ኋላ ዞረው፣ አንገታቸውን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ፣ የወደቁበትን ቦይ ሲፈልጉ ቆዩ። አገኙት። ከዚያም ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በዓይናቸው ተከተሉት። ሜዳውን ሁሉ አቋርጦ የሚያልፍ ረጅም ቦይ ነበር።

"ይሄን ሁሉ አላየሁትም" አሉ።

ባለቤቴ ኮፍያቸውን ከቦዩ አውጥቶ ሰጣቸው። መኪናው ውስጥ መሐረባቸውን ግንባራቸው ላይ ይዘው፣ ሚልፒታስ የምትባለውን ከተማ አልፈን ብዙ እስክንሄድ መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ለባለቤቴ፣ "ኦፕራሲዮኑ ይሁን" አሉት። "ቲኬቱን ተወው።"

ኦፕራሲዮኑ በተደረገ በሦስተኛው ቀን ፕሮፌሰሬ ሆስፒታል መጡ፤ በወረቀት ከረጢት ብርቱካን ይዘው። አባቴ ዓይናቸው ታስሮ ተጋድመዋል። ፕሮፌሰሬ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ አልማዙን የሰበሩት አባቴ እንዲደነቁ ፈልገው እንደሆነ፣ ልጅዎ ልትከለክለኝ ነበር አልሰማኋትም፣ ብለው ነገሯቸው። አባቴ ዳብሰው የፕሮፌሰሬን እጅ ያዙ። "በሙያው ያረጀ ሰው እንግዳ ሲመጣ ይታበያል" አሉኝ፤ "ተርጉሚለት፣ እኔም እንዲሁ ነበርኩ በይው።" ተረጎምኩ። ሁለቱም ሳቁ።

አልማዝ ስለሌለኝ የምሠራው አልነበረኝም፤ ስለዚህ እቤት ሆኜ አስታመምኳቸው። ሾርባ እሠራለሁ፤ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ክንዳቸውን ይዤ ከተማው መሀል ባለው ሐይቅ ዳር እናዘግማለን። ያን ሰሞን በተቀመጥኩበት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አንድ ቀን ስነቃ አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

"ያ ጨውሽ" አሉ፤ "ጠቁሮ እንዳለ ብዙ ዘመን ቢተዉት አይለምደውም? ሲፈቱት እንደጠቆረ አይቀርም?"

"የእኔ አይቀርም። የሚቀር ሌላ ነገር ግን አለ። ከሰል በሙቀትና በግፊት አልማዝ ሲሆን፣ ግፊቱ ቢለቀውም አልማዝ ሆኖ ይቀራል።"

"ታዲያ ለምን የሚቀረውን አታጠኚም?"

"የሚቀረውን ሌሎች አጥንተውታል፣ አባባ።"

"እንደዚህ ተዳክመሽ ነው የምትሠሪው? ሁልጊዜ?"

እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዎ አልኳቸው። ተይው ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሉኝ እተወው ነበር ብዬ አስባለሁ። "እኔም ቆላ ስሠራ እንደዚህ ነበርኩ" አሉና ጋዜጣውን አቀበሉኝ።

የቀኙ ዓይን ግፊት ወረደ። የጠፋው አልተመለሰም፤ የቀረው ግን ቀረላቸው። ሐኪሙ መጓዝ ይችላሉ ሲላቸው ወደ አገር ቤት ሄዱ። ደረጃ ሲወርዱ ግራቸውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ አንገታቸውን እያዞሩ መሄድ ተምረው ነበር።

አዲሶቹ አልማዞች መጡ። ገጠምኳቸው፤ ብዙ ብረት ቀደድኩ፤ በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ሽቦዎቹ ሳይቆረጡ ጨው ጠቆረ፣ የመለኪያው መርፌም ተንቀሳቀሰ። ያስተላልፋል። በነጋታው ደገምኩት፤ ያስተላልፋል። ለፕሮፌሰሬ ሳሳያቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ደስታው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ የመጣው ግን ረሃብ ነበር። ወጥቼ ሳንድዊች ገዝቼ መንገድ ዳር ቆሜ በላሁ።

ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ያገኘሁት ሳን ሆዜ ነው፤ ለሬዲዮ መሣሪያ የሚሆን ኳርትዝ የሚባል ጥርት ያለ ድንጋይ የሚያሳድግ ትንሽ ድርጅት ውስጥ። ወፍራም የብረት ጋን ውስጥ የኳርትዝ ስባሪና ጨዋማ ውሃ ተከትቶ ይታሸጋል፤ በሙቀትና በግፊት ለሳምንታት ይቆያል፤ ድንጋዩ ሟሙቶ ከላይ በተንጠለጠሉት ቁራጮች ላይ እንደገና ያድጋል። እስኪከፈት ድረስ ማየት አይቻልም። ኦክላንድን ለቀን ወደዚያው ተዛወርን፤ ባለቤቴ ከሥራው በእግር የሚደርስበት ቤት አገኘን።

በዚያው ዓመት አገር ቤት መንግሥት ተለወጠ። ስልክ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ሐኪሙ በኋላ ቀይሮ ያዘዘላቸውን ጠብታ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እልክ ነበር፤ ይድረስ አይድረስ ወዲያው አላውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በስልክ ሳገኛቸው ድምፃቸው ራቅ ብሎ፣ ግን ደህና ሆኖ ተሰማኝ። እናቴ ከጎናቸው ሆና፣ "ጋዜጣውን ራሱ ነው የሚያነበው፣ ገጹን ወደ ቀኝ አድርጎ" ብላ ጮኸችልኝ። አባቴ ስለ ዓይናቸው አላወሩም። "ያ ጋን የምትይው አይፈነዳም?" ብለው ጠየቁኝ።

"እንጠነቀቃለን" አልኳቸው።

"ስትከፍቱት እንደ እኔ አንገትሽን አዙረሽ በግራሽ ማን እንዳለ እይ" አሉ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ስልኩን አስቀምጬ ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ደህና ናቸው አልኩት። እሺ አለና ቢላዋውን ሰጠኝ፤ እኔ ስቀጥል እሱ ተቀመጠ።